ማን እንግዳ፣ ማን ባለ አገር? ኢትዮጵያውያን በጅቡቲ ከተማ



ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ጽሑፍ ስናሰባስብ ከአባላት በተደጋጋሚ የቀረበልን ጥያቄ «ኢትዮጵያውያን ወደ ጅቡቲ መምጣት የጀመሩት መቼ ነው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። መልሱን ስንፈልግ ግን ሌላ፣ ከበድ ያለ ጥያቄ ተከትሎት መጣ። እኛና ይህች ከተማ በዕድሜ ከሞላ ጎደል እኩዮች ነን። ታዲያ ከከተማዋ ጋር አብሮ ያደገ ሕዝብ «መጤ» የሚባለው እስከ መቼ ነው? እዚህ ተወልደው፣ በፈረንሳይኛ ተምረው፣ ከሰፈር ልጅ ጋር በሶማልኛ ተጫውተው፣ ማታ ቤት ሲገቡ በአማርኛ ቁጣ የሚሰሙት ልጆቻችንስ «የማን አገር ሰው ነህ?» ሲባሉ ምን ይመልሱ? እኛ የምናውቀውን እናስፍር፤ የቀረውን እናንተ በየቤታችሁ ትነጋገሩበታላችሁ። ዘመኑን የጻፍነው እዚህ በምንጠቀምበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ፈረንሳዮች ኦቦክን ያገኙት በ1862 ባደረጉት ውል ነው። ኦቦክ ግን ወደ መሐል አገር ለሚዘልቅ ንግድ አልተመቸቻቸውም። ስለዚህ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተደቡብ ያለውን ስፍራ መረጡና በ1888 ጅቡቲን ቆረቆሩ። ለምን እንደ መረጡት የተደበቀ ነገር የለም፤ ከሐረር በኩል የሚወርደው የግመል ሲራራ እዚህ እንዲያራግፍ ነው። በማርች 1897 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከፈረንሳዩ ላጋርድ ጋር በተዋዋሉት ውል ደግሞ ጅቡቲ የኢትዮጵያ ንግድ መውጫ በር መሆኗ ታወቀ። ከተማዋ ገና ስትወለድ ፊቷ ወደ እኛ ነበር ማለት ነው። መሐል ከተማ ያለው ትልቁ አደባባይም በንጉሠ ነገሥቱ ስም ፕላስ ሜኔሊክ ይባል ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ስሙ «ጁን 27» ሆኗል። የድሮ ሰው ግን፣ ጅቡቲያዊውም ሐበሻውም፣ ሲቀጣጠር አሁንም «ሜኔሊክ እንገናኝ» ነው የሚለው።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ሲሆን ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1897 ነው። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማም በዚሁ ሰበብ ተመሠረተች። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1908 ሌላ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ፈቃዱን የሰጡት ንጉሥ በ1913 ስላረፉ ይህን ለማየት አልበቁም። በዚያ 784 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የየመን ዐረቡ፣ ከደጋው የወረደው ኢትዮጵያዊ አብረው ደክመዋል። በሆልሆል ያለውን የብረት ድልድይ ያያችሁ በዚያ ፀሐይ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ተሠራ ትገምታላችሁ።

የድሬዳዋ ሰው የባቡሩን ኩባንያ «ሽሚንደፈር» ማለቱ፣ የአዲስ አበባ ሰው ጣቢያውን «ለገሃር» ማለቱ ከፈረንሳይኛው የተወረሰ ነው። ቃሉ ብቻ ሳይሆን ኑሮውም እንዲሁ የተወራረሰ ነበር። አባት ድሬዳዋ መካኒክ፣ አጎት ጅቡቲ ወደብ ላይ ሚዛን ያዥ፣ አክስት አሊ ሳቢህ ጣቢያ አጠገብ ሻይ ቤት፤ እንዲህ ያለ ቤተሰብ በመካከላችን ብዙ ነው። በዚያ ዘመን ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ መምጣት መዛወር እንጂ ስደት አይባልም ነበር። መንገዱም የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ከዚህ ወደ ድሬዳዋ ሄደው የኖሩ፣ ነግደው የከበሩ፣ የወለዱ የጅቡቲ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በ1999 የጅቡቲ ፕሬዝዳንት ሆነው የተመረጡት ኢስማኢል ዑመር ጌሌ የተወለዱት በ1947 ድሬዳዋ ላይ ነው፤ አማርኛ እንደሚናገሩም የታወቀ ነው። ስለዚህ «ማን ከየት መጣ» የሚለው ነገር በዚህ ሐዲድ ላይ ሁልጊዜም እንደ ቆጣሪው ነው።

ባቡሩ ሸቀጥና ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ስደተኛም አመላልሷል። በሜይ 2 ቀን 1936 የኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ባቡር ተሳፍረው በማግሥቱ ጅቡቲ ገቡ፤ በሜይ 4 ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ ተጓዙ። መኳንንቱና ቤተ ሰባቸው አብረው ሲሄዱ፣ መርከብ የማይደርሰው ድኻ ስደተኛ እዚህ ቀረ። ጅቡቲ ለእኛ መሸሸጊያ የሆነችበት ታሪክ በትልቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ 1960ዎቹ እንለፍ፤ በጅቡቲ ምድር «አገሬ ነው» እና «አገርህ አይደለም» የሚለው ነገር በወረቀትና በሽቦ የተለየው በዚያ ጊዜ ነውና። በኦገስት 1966 ጄኔራል ደ ጎል ከተማዋን ሲጎበኙ ነፃነት የሚጠይቅ ሰልፍ ወጣ፤ ግጭት ተነሣ፤ ሰው ሞተ። ከዚያ ሕዝበ ውሳኔ ተጠራና በማርች 19 ቀን 1967 ከመራጩ 60 በመቶ ያህሉ ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጠ። የከረረው ክርክር ግን በውጤቱ ላይ ብቻ አልነበረም፤ «ለመሆኑ መምረጥ የሚገባው ማን ነው?» በሚለውም ላይ ነበር። ብዙ ሺህ ሶማሌዎች «የውጭ አገር ሰዎች ናችሁ» ተብለው ከግዛቱ ተባረሩ። በከተማዋም ዙሪያ የእሾህ ሽቦ አጥር ተዘረጋ፤ ሰው ሁሉ «ባራዥ» ይለው ነበር። ወረቀት ያለው በኬላው ይገባል፤ የሌለው ከሽቦው ውጭ ይቀራል። ዛሬ የከተማዋ ትልቅ ክፍል የሆነችው ባልባላ ከዚያ ሽቦ ውጭ በቀሩ ሰዎች የተገነባች ሰፈር ናት። አሁን ባልባላ ስንት ሰው፣ ስንት ገበያ፣ ስንት ትምህርት ቤት እንዳላት እያያችሁ ነው። ከሽቦ ውጭ ይቅር የተባለው ሰው ከተማ ሆነ።

በዚያው በ1967 የግዛቱ ስም ተለውጦ «የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት» ተባለ። ስም ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ሕዝብ በስም ሲጠራ ከተማዋን ከጅምሯ አንስቶ ሲሠሩ የኖሩት የየመን ዐረቦች፣ ሌሎቹ የሶማሌ ጎሳዎች፣ እኛም፣ በቤቱ ስም ላይ ሳንጻፍ ቀረን። አፋሩና ኢሳውም ቢሆኑ ዘመዶቻቸው በድንበሩ ማዶ ያሉ ናቸው፤ ለእነሱም መስመሩ ወንድምን ከወንድም የሚለይ ነበር። ላዩ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያና የሶማሊያ መንግሥታት እያንዳንዳቸው «ግዛቱ የኛ ነው» ይሉ ነበር። ሁለት ጎረቤት በመሬት ሲካሰስ የሁለቱም ዘመድ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል። የዚያ ዘመን ሰዎቻችን ስለ ፖለቲካ በአደባባይ አለመናገርን የቤት ደንብ አድርገው ልጆቻቸውን ያሳደጉት ለዚህ ነው፤ ደንቡ በብዙ ቤት እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ጅቡቲ በጁን 27 ቀን 1977 ነፃነቷን አወጀች። አዲሱ መንግሥት ገና ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ሳይቀመጥ የኦጋዴን ጦርነት ፈነዳ፤ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ፤ ድልድዮች ፈረሱ። በሐዲዱ ይመጣ የነበረው ሰው በእግሩ መጣ። አንዱ ወገን ከጦርነቱ የሸሸው የገጠርና የአርብቶ አደር ቤተሰብ ሲሆን በአሊ ሳቢህና በዲኪል በተተከሉ ካምፖች ሰፈረ። ሌላው ከቀይ ሽብር ያመለጠው ወጣት ነው፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው። እሱ ካምፕ አልተመቸውምና ከተማ ገብቶ በየካርቲዬው ቤት ተከራየ፤ ሦስቱ አራቱ በአንድ ክፍል። ከዛሬዎቹ ሽማግሌዎቻችን ብዙዎቹ በዚያ ጊዜ የመጡ ናቸው። እድራችንም በደንብ የተጠናከረው በዚያን ጊዜ ነው። ቤተሰብ የሌለው ወጣት ሲሞት ማን ይቅበረው የሚለው ጥያቄ ቀልድ አልነበረምና።

እዚህ ላይ ለአስተናጋጆቻችን የሚገባቸውን ምስጋና ሳንሰጥ ማለፍ ነውር ነው። ነፃነቷን ባገኘች በወራት ውስጥ፣ የራሷ ውሃና እህል ሳይበቃት፣ ጅቡቲ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ስደተኛ ተቀበለች። በሐምሌና በነሐሴ ኻምሲኑ ሲነፍስ እዚህ ኖሮ የሚያውቅ ሰው የዚያን እንግዳ ተቀባይነት ዋጋ ያውቀዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ሸክሙ ሲበዛ ፊትም ጠቆረ። ከ1983 ጀምሮ ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በተስማሙበት መሠረት ስደተኞችን ወደ አገር መመለስ ተጀመረ። «በፈቃደኝነት» ነበር የተባለው፤ ስንቱ በፈቃዱ ስንቱ በፍርሃት እንደ ተሳፈረ ግን በጊዜው ብዙ አከራክሯል።

የቀረው ደግሞ ዓይኑን ወደ ማዶ አነሣ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣ በኋላ ከሱዳንም ከጅቡቲም ብዙ ወገናችን ወደዚያ ተሻገረ። ዛሬ በዋሽንግተንም ሆነ በሎስ አንጀለስ ካሉት አንጋፋ ኢትዮጵያውያን መካከል «መጀመሪያ ጅቡቲ ነበርኩ» የሚል አይጠፋም። ከዚያ የሚመጣው ደብዳቤና ኋላም ስልክ በእኛ ቤት አዲስ ንጽጽር አስገባ፦ «እዚያ የተወለደው ልጃቸው ወዲያው አሜሪካዊ ነው፤ እዚህ የተወለደው የኛስ?»

ይህ ንጽጽር ተገቢ ቢሆንም በጥንቃቄ መታየት አለበት። አሜሪካም በሯን የከፈተችው በአንድ ቀን አይደለም። የምዕራቡን የባቡር መስመር ከሠሩት መካከል ብዙ ሺህ ቻይናውያን ነበሩ፤ ሐዲዱ በ1869 ተገጣጠመ፣ በ1882 ደግሞ ቻይናዊ ሠራተኛ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሐዲዱን ሠርቶ ከሐዲዱ መባረር በእኛ አልተጀመረም። ወንግ ኪም አርክ የሚባል በሳን ፍራንሲስኮ ከቻይናውያን የተወለደ ሰው ቻይና ቆይቶ በ1895 ሲመለስ «ዜጋ አይደለህም» ተብሎ እንዳይገባ ታገደ። ተከራከረና በ1898 ከፍተኛው ፍርድ ቤት «በዚህች ምድር የተወለደ ዜጋ ነው» ብሎ ፈረደለት፤ ከ1868 ጀምሮ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈውን ማሻሻያ መሠረት አድርጎ። እንግዲህ በጅቡቲ የመጀመሪያዎቹ ሐዲዶች ሲነጠፉ እዚያ ይህ ነገር ይወሰን ነበር። በ1924 የወጣው የኮታ ሕግ ደግሞ ለእያንዳንዱ አገር በዓመት የሚገባውን ሰው ሲወስን ለኢትዮጵያ የደረሳት 100 ሰው ብቻ ነበር፤ ከ1965ቱ ሕግ በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። ዲቪ የምንለው ሎተሪም የ1990 ሕግ ልጅ ነው። በትውልድ የሚገኘው ዜግነት እንኳ ዛሬም ክርክር አላጣውም፤ በጃንዋሪ 2025 የአገሪቱ ፕሬዝዳንት እንዲገደብ ትእዛዝ አውጥተው ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል። ያ ሰፊ አገር ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ ትንሿ ጅቡቲ ብትጨነቅ አይገርምም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በሜይ 1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ተዘጋና ጭነቱ ሁሉ ወደዚህ ዞረ። በጋላፊ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ሰልፍ፣ የትራንዚት ሠራተኛው፣ በፒካ ዱዝ የተከፈተው ምግብ ቤት፣ ኮሚዩኒቲያችንን በአንድ ጊዜ አበዛው። ወረቀት ይዞ ከመጣው ጋር ያልያዘውም መጣ፤ የቤት ሠራተኛዋ፣ ግንበኛው፣ አናጢው። ከተማዋ ጉልበታቸውን ፈለገችው፤ መታወቂያቸውን ግን የጠየቀ አልነበረም።

ጠያቂው በ2003 ክረምት መጣ። የጅቡቲ መንግሥት ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው የውጭ አገር ሰው ሁሉ እስከ ኦገስት መጨረሻ እንዲወጣ አስታወቀ፤ ቀኑ ኋላ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ተራዘመ። ምክንያቱም ጸጥታና የኢኮኖሚ ጫና ነው ተባለ። እነዚያን ሳምንታት በዚህ የነበረ ሰው አይረሳቸውም። ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ስፌት መኪና በየመንገዱ በርካሽ ተሸጠ። በባቡርም በመኪናም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ፤ ብዙው ኢትዮጵያዊና ሶማሊያዊ ነበር። መመለስ የፈራው ደግሞ ጥገኝነት ለመጠየቅ አውር አውሳ በተባለ ስፍራ ተሰበሰበ። ከሁሉ የከበደው የነበረበት ቤት ሳይሆን የሚሄድበት ቤት የሌለው ሰው ነገር ነበር። እዚህ ሃያ ዓመት የኖረች እናት፣ እዚህ የወለደቻቸውን ልጆች ይዛ፣ «ወደ አገርሽ ግቢ» ስትባል ልጆቹ «የትኛው አገር?» ብለው ይጠይቋታል። ሥራው የቆመበት ግንባታ፣ ሠራተኛ ያጣው ቤት የታየው ግን ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ወራት ሳይቆይ ብዙዎቹ ተመልሰው መጡ። በ2025ም ተመሳሳይ ማሳሰቢያ ወጥቶ አፈሳው እንደገና ተጀመረ።

ቁጣ ብቻውን ግን አያስኬድም፤ የራሳችንንም ቤት ማየት አለብን። የጅቡቲ የዜግነት ሕግ የሚያየው የተወለዱበትን ምድር ሳይሆን ወላጆችን ነው፤ ረጅም ዘመን የኖረ ሰው በማመልከቻ የሚጠይቅበት መንገድ ቢኖርም ጠባብ ነው። የኢትዮጵያስ? በ1930 የወጣው የዜግነት ሕግም ሆነ በ2003 የተተካው አዋጅ ቁጥር 378 የሚከተሉት ይህንኑ የወላጅ መስመር ነው። ለሦስት ትውልድ አዲስ አበባ የኖረ አርመን፣ መርካቶ የተወለደ የየመን ልጅ፣ ድሬዳዋ ያደገ ግሪክ፣ በመወለዱ ብቻ ኢትዮጵያዊ አልተባለም። በ1998ቱ ጦርነት ጊዜም የኤርትራ ትውልድ ያላቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኖሩበት ከኢትዮጵያ ተባረዋል። እንግዲህ እዚህ የምንጠይቀውን እዚያ ሰጥተን ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይኸው የወላጅ መስመር ለልጆቻችን አንድ የተረጋገጠ ነገር ይሰጣል። በ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 መሠረት ወላጆቹ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው የኢትዮጵያ ዜጋ ነው። እናቱ ብቻ ኢትዮጵያዊት ብትሆንም ያው ነው። ስለዚህ ካርቲዬ ዱ ወይም ባልባላ የተወለደው ልጃችሁ ደሴን አላየም ተብሎ ከዚህ አይወጣም። በአንጻሩ አዋጁ ሁለት ዜግነትን ስለማይፈቅድ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደው የኢትዮጵያውን ያጣል፤ በ2002 በአዋጅ ቁጥር 270 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ የወጣው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። የእኛ የብዙዎቹ ልጆች ችግር ሌላ ነው። የሌላ አገር ዜግነት የላቸውም፤ የኢትዮጵያም በሕግ አላቸው፣ በእጃቸው ግን የለም። በስደተኛ ካርድ የወለደ፣ ኤምባሲ መሄድ የፈራ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ሳያወጣ ዓመታት ያለፈበት ወላጅ በርካታ ነው። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ፈተና ሊፈተን፣ ሥራ ሊቀጠር፣ ድንበር ሊሻገር ሲል ያኔ ይነቃል።

አንድ ነገር ሳናነሣ ብንዘጋ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። በከተማችን ዳር በኩል፣ ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ የመጡ ልጆች በነጠላ ጫማ ወደ ኦቦክ ይጓዛሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ቀጥሎም ሳዑዲ ዐረቢያ። በጃንዋሪ 2019 ከኦቦክ በስተሰሜን በጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰው ሞቷል፤ በኤፕሪል 2024 ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጀልባ ተገልብጦ ብዙ ወገን አልቋል። በ2017 የተመረቀው አዲሱ ባቡር ናጋድ ጣቢያ ላይ ሰው ያራግፋል፤ እነሱ ግን በእግራቸው ነው የሚያልፉት። በእድራችን ስብሰባ «እነዚህም የኛ ናቸው ወይስ መንገደኛ?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ያውቃል። ወረቀት ያለን ነዋሪዎች ወረቀት የሌላቸውን የምናይበት ዓይን፣ ሌላው እኛን ከሚያይበት ብዙም የራቀ አይደለም። እስካሁን የተስማማንበት አንድ ነገር ቢኖር የሞተውን መቅበርና ስሙን ጠይቆ ለቤተሰቡ መላክ ነው።

በዚህ የኢዮቤልዩ ዓመት ሁለት ሥራ ጀምረናል። የመጀመሪያው የልጆች ምዝገባ ነው፤ የልጃችሁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የራሳችሁን ፓስፖርት ወይም ማንኛውንም የቀበሌ መታወቂያ ይዛችሁ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብትመጡ ማመልከቻውን አብረን እንሞላለን። ምንም ወረቀት የሌላችሁም ሳታፍሩ ኑ፤ እዚህ የሚያውቃችሁ ሽማግሌ አይጠፋም። ሁለተኛው የድሮ ሰነድ ማሰባሰብ ነው። የአያቶቻችሁ የሽሚንደፈር የሥራ መታወቂያ፣ የባራዥ ማለፊያ፣ የስደተኛ ካርድ፣ የባቡር ትኬት፣ በካምፕ የተነሣችሁት ፎቶግራፍ ካላችሁ አምጡልን። ኮፒ አድርገን ዋናውን በዚያው ቀን ለባለቤቱ እንመልሳለን።